የሀስና አውራ ዶሮ

መርካቶ፣ ዶሮ ተራ
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሙራድ፣

ሰላምታውን አንተ ትጽፈዋለህ፤ እኔ ዛሬ ተናድጃለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ጆሮህ ከደከመ ወዲህ እኔ ስጮህ ገበያው ሁሉ ይሰማል፣ አንተ ብቻ አትሰማም። ስለዚህ ሹፌሩ ሶፊ በአይሱዙው ዶሮ ሊጭን ወደናንተ ሲመጣ ይህን እንዲያደርስልህ ሰጥቼዋለሁ።

ለገና ምን እንደላክህልኝ ታውቃለህ? እቴቴን ታውቃቸዋለህ፣ ራጉኤል ጀርባ የሚኖሩት፣ ሃያ አምስት ዓመት ከእኔ በቀር ከማንም ዶሮ ገዝተው የማያውቁት። መጡ። እንደልማዳቸው አንዱን አንስተው ላባውን እፍ ብለው ገለጡት፣ የደረቱን አጥንት በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፣ ከዚያ መልሰው አስቀመጡት። ሌላ አነሱ። እሱንም መለሱት። በመጨረሻ "ረሂማ፣ የእናትሽ ዶሮ የታለ?" አሉኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ! ምነው ያን ጊዜ ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

እማዬ ከሞተች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስሟ ግን ዛሬም እዚህ ተራ ውስጥ ይጠራል። "የሀስና ዶሮ አለ?" ብሎ የሚመጣ ሰው እናታችንን በዓይኑ አይቷት አያውቅም፤ ዶሮዋን ግን ከመቶ ዶሮ መሃል ይለያል። ሴቷ ወሰራ፣ የደረሰ ስንዴ የመሰለች። አውራው ደማቅ ቀይ፣ ጅራቱ ጥቁር፣ እግሩ ቢጫ፣ በራሱ ላይ ያለው ዘውድ ድርብ ሆኖ ጠፍጠፍ ያለ፣ ደረቱ በሁለት እጅ የማይያዝ። እናቲቱ ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩቶቿን ትታ አትሮጥም፣ ትነሳበታለች። ስጋው እሳት ላይ ቢውል አጥንቱን አይለቅም፤ የፈረንጁ እንደሆነ ቁሌቱ ሳይበስል ድስት ውስጥ ይበታተናል። ይሄ ነው የእኛ ውርስ። ሌላው ፎቅ ይውረስ፣ እኔ አልቀናም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ሳታድበሰብስ መልስልኝ። ፈረንጅ ዶሮ ቀላቅለህብኛል?

እህትህ ረሂማ ኑሪ


ቡታጅራ አጠገብ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ረሂማ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እኛ ሁላችን፣ ሰዉም ከብቱም፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ናኢማ የጉልበትሽን ነገር ጠይቅልኝ ብላለች። የላከችልሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይ? ደረጃ ስትወጪ ቀስ በይ።

በገና ስለደረሰብሽ አዝኛለሁ። እቴቴ እንዲህ ማለታቸው እኔንም አጥንቴ ድረስ ተሰምቶኛል። አፉ በይኝ።

ስለጠየቅሽኝ ግን፣ ወላሂ ፈረንጅ ዶሮ ግቢዬን አልረገጠም። ጎረቤቶቻችን ሁሉ የሚታደለውን የፈረንጅ ጫጩት ወስደዋል፣ እኔ አልወሰድኩም። "የሀስና ልጅ ኮራ" ይሉኛል። ይበሉ። እንቁላሉ ብዙ ነው፣ አልክድም፤ ግን ዶሮዎቹ መታቀፍ አያውቁም፤ ጭልፊት ሲመጣም አንጋጠው ያዩታል።

የእኛዎቹ ለምን እንዳነሱ፣ ዓመቱ ይሆናል። ክረምቱም ረዘመ። እኔ እንጃ።

ሱሀይር የምትባል የእንስሳት ባለሙያ በቀደም መጥታ ነበር። ልጅ እግር ናት፣ ግን ጎበዝ። ስለዶሮዎቹ ብዙ ጠየቀችኝ፤ አንዱ ጥያቄዋ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ምን እንደጠየቀችኝ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ትልቁ ቀዩ አውራ ደህና ነው። ሲጮህ እንኳ አልሰማውም። ጠዋት በመስኮት አየዋለሁ፣ አንገቱን ይዘረጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ የጎረቤት አውራዎች ሁሉ ተራ በተራ አንገታቸውን ይዘረጋሉ። እሱ ካልጀመረ አይጀምሩም። ያን ሳይ ደስ ይለኛል።

ወንድምሽ ሙራድ


መርካቶ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙራዴ፣

ረመዳን ሙባረክ፣ አላህ ጾማችንን ይቀበለን። ናኢማን ስለጉልበቴ አመስግንልኝ። እኔ ግን የጠየቅኩህ ስለዶሮ ነበር!

ፈረንጅ አልቀላቀልኩም ካልክ አምኜሃለሁ። በአላህ ስም ምለህ እንደማትዋሸኝ አውቃለሁ። ታዲያ ምንድን ነው? "ዓመቱ ይሆናል" ትለኛለህ። ዓመቱ ለሁሉም እኩል ነው። ባለሙያዋስ ምን ብትጠይቅህ ነው ምላስህ የታሰረው? ዝምታህ ደስ አይለኝም። ልጅ ሆነህም እንዲሁ ነበርክ፤ አንድ ነገር ስትሰብር ቶሎ ብለህ ስለሌላ ነገር ታወራለህ።

አሁን ፋሲካ እየመጣ ነው። ሁለተኛ እንደዚያ አልዋረድም። በገዛ እጅህ አሥሩን ምርጥ አውራ ለይልኝ። ዘውዱ ድርብ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ስታነሳው ክንድህን የሚጎትት። ያንን ትልቁን ቀይ ያልከውን ጨምር። እሱን ከፊት አስቀምጬ እቴቴ ሲመጡ ምንም አልናገርም፣ ዝም ብዬ ፊታቸውን ነው የማየው።

ለገበያው ዶሮ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናሳየዋለን። ምርጡን ላክ።

ረሂማ


ቡታጅራ አጠገብ
ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ይህኛውን ናኢማ አጠገቤ ቆማ "አሁን ላከው" ስላለችኝ ነው የምልከው።

ሱሀይር የጠየቀችኝ ይህን ነው። "ጋሼ፣ ከአውራዎቹ ለዘር የሚያስቀሩት የትኛውን ነው?" አለችኝ። እኔም "ያልተሸጠውን" አልኳት። እየቀለድኩ መስሎኝ ነበር። እሷ አልሳቀችም።

ያን ቀን ቆጡ ሥር ተቀምጬ ሳስብ ዋልኩ። አንቺ በየበዓሉ "ምርጡን ላክ" ትያለሽ። እኔም እልካለሁ። ሰፊ ደረት ያለውን፣ ዘውዱ ድርብ የሆነውን፣ አንድ እንኳ ሳላስቀር። እዚህ የሚቀረው ኮሳሳው ነው፣ የሚያረባውም እሱ ነው። እማዬ ከሞተች ጀምሮ አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ አድርገናል። የእናታችንን ዘር ያጠፋው ፈረንጅ ዶሮ አይደለም እትዬ፣ እኔና አንቺ ነን። በኩራታችን አስበላነው።

እማዬ ነጋዴ ሲመጣ አንዱን አውራ እንቅብ ትደፋበት እንደነበር ታስታውሻለሽ? እኛ ለምን እንደምትሸሽገው አይገባንም ነበር፤ ንፉግ ናት እያልን እንስቅባት ነበር።

አሁን በመልኩም በግዝፈቱም የእማዬን አውራ የሚመስል የቀረኝ ትልቁ ቀዩ ብቻ ነው። ሌሎቹ ዘውዳቸው ነጠላ ነው፣ ደረታቸው ቀጭን። እሱ ከሄደ አለቀ።

አንቺ ደግሞ አዘሽኛል። በዕድሜዬ እምቢ ብዬሽ አላውቅም፣ አሁንም አልቻልኩም። ስለዚህ ከዘጠኙ ጋር ልኬዋለሁ። እግሩ ላይ አረንጓዴ ክር አስሬበታለሁ። ከሶፊ መኪና ሳይወርድ አንቺው ወስኚ። አንዴ ዶሮ ተራን ከረገጠ እንደማይመለስ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከገበያ የተመለሰ ዶሮ ፈንግል ይዞ ይገባና የመንደሩን ዶሮ ሁሉ በሳምንት ይፈጀዋል።

ብትሸጪውም አልቀየምሽም።

ሙራድ


መርካቶ
ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንተ ሞኝ! አንተ የተባረክ ሞኝ!

እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት ጠቅልሎ ከዶሮ ጋር መላክ ምን የሚሉት ነው? ሶፊ ደብዳቤህን ሲያቀብለኝ ለፋሲካ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሰዉ ጎርፍ ነው፣ መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ። ጉያዬ ውስጥ ከተትኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ቀዩን ገና መኪናው ላይ ሳለ አየሁት። ሙራዴ፣ ምን ብዬ ልንገርህ! የእማዬን ግቢ ያየሁ መሰለኝ። እቴቴም ከእኔ እኩል አዩት። ሳይወርድ፣ ሳይዳብሱት፣ ላባውን እፍ ሳይሉበት "ያንን" ብለው ጠቆሙ። ሶፊ ከላይ አቀበላቸው፣ አቅፈውት ሄዱ። መሬት አልነካም። እኔ ቀኑን ሙሉ አናቴ ሰማይ ነክቶ ዋልኩ። "አያችሁ? የሀስና ዶሮ ማለት ይሄ ነው!" ስል ነበር።

ቤት ገብቼ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ተቀመጥኩና "ያልተሸጠውን" የምትለዋን ደጋግሜ አየኋት።

በማግስቱ ስቅለት ነበር። አንዋር መስጊድ ጁምዓ ሰግጄ ቀጥታ እቴቴ ቤት ሄድኩ። እሳቸው ከስግደት አልተመለሱም። አውራው ጓሮ ውስጥ የውሃ በርሜል ሥር ታስሮ ቆሟል፣ በሕይወት። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው። አመሻሽ ላይ ደክሟቸው፣ ነጠላቸውን አገልድመው መጡና እኔን ሲያዩ ደነገጡ። "ምነው ረሂማ፣ ሰው ሞተ እንዴ?" አሉኝ።

ሠላሳ ዓመት ስሸጥ የሸጥኩትን መልሱልኝ ብዬ ማንንም ለምኜ አላውቅም። ለመንኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ጥፋቴንም አልሸሸግኩም። ከዚያ ያሉኝን እንዳለ ልጻፍልህ፦ "የእናትሽ ዶሮ ሃያ አምስት ዓመት አበላኝ። አሁን ደግሞ እኔ ላብላው።"

አለቀስኩ። እኔ ረሂማ፣ ሰው ጓሮ፣ በርሜል ሥር።

ለፋሲካቸው ከቀሩት መርጬ ሌላ ወሰድኩላቸው። ቀዩ እዚያው ነው፤ እየቀለቡት ነው። ባለሙያዋን ሄደህ ጠይቅልኝ። መሬት ባይረግጥም መኪናው ላይ የሌላ ሰው ዶሮም ነበረ። ፈንግል ሳይዝ ወደ አገሩ የሚመለስበት መንገድ ካለ፣ የምትለውን ሁሉ አደርጋለሁ።

"ምርጡን ላክ" ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በለኝ። ይቅርታ መጠየቅ አልለመደብኝም፣ ስለዚህ ይህችን አንዴ ብቻ አንብባት።

ረሂማ


ቡታጅራ አጠገብ
ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ረሂማ፣

ይቅርታሽን እንዳዘዝሽው አንዴ ብቻ አነበብኳት። ናኢማ ግን ሁለቴ አነበበቻት። ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፣ አላለቀስኩም። ናኢማ ሌላ ብትልሽ አትመኚያት።

ለእቴቴ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው፣ እጃቸውን ይባርከው።

ሱሀይርን ቢሮዋ ድረስ ሄጄ አገኘኋት። ጉዳዩን ስነግራት እስክሪብቶ አወጣች። የጻፈችልኝን ወረቀት እዚህ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ ግን ዋናው ይሄ ነው። የፈንግል ክትባቱን አሁኑኑ በእንስሳት ሐኪም አስወጊው። ከክትባቱ በኋላ ሦስት ሳምንት ሌላ ዶሮ አጠገቡ እንዳይደርስ። አንቺም ከዶሮ ተራ በዋልሽበት ጫማና ልብስ እንዳትቀርቢው፤ በሽታው በሰው ጫማ ይመጣል። ካዛጋው፣ አንገቱ ከጠመመ ወይም ኩሱ አረንጓዴ ከሆነ ግን መመለስ የለም። ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን እያየች ነው፤ እንዳልሰማ ሆኜ እንዳላልፈው ብላ ወረቀቱ ላይም ጻፈችው።

እኔ እዚህ ከወሰራዎቹ ደህና ደህናዎቹን ስድስት ለይቼ አጥሬላቸዋለሁ። ኮሳሳዎቹን አውራዎች በሙሉ አስወጣሁ። ግቢው ጠዋት ጠዋት ጸጥ ብሏል ይላሉ። ለኔ ያው ነው፤ ግን የጎረቤት አውራዎችም መጀመሪያ ማን እንደሚጮህ የጠፋቸው ይመስላሉ።

ሙራድ


መርካቶ
ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙራዴ፣

ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፌ በቃሌ ይዤዋለሁ። እቴቴ ቤት ስሄድ ደጃፋቸው ላይ ጫማ ለውጬ፣ ሽርጥ ቀይሬ ነው የምገባው። ጎረቤቶቻቸው እቴቴ የታመሙ መሰላቸው።

እስካሁን አላዛጋም። አንገቱ ቀጥ ያለ ነው። ኩሱን በየቀኑ አያለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ዶሮ ሸጬ የዶሮ ኩስ እንዲህ ተጨንቄ አይቼ አላውቅም። እቴቴማ በፋሲካ ዘመድ ተሰብስቦ ሲበላ ቀዩ ከጓሮ ሲጮህ "ምነው፣ እርስዎ ገና አልፈሰኩም እንዴ?" ብለው ሲስቁባቸው፣ "እሱ እንግዳ ነው" አሏቸው።

ሦስት ሳምንቱ አልቋል። ሐኪሙም አይቶት "ሂድ" ብሎታል። ዛሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይመጣልሃል።

ከመርካቶ ዶሮ ወደ አገር ቤት ሲሄድ ማንም አይቶ አያውቅም። የሶፊ መኪና ሁልጊዜ ሞልቶ ይመጣል፣ ባዶውን ይመለሳል። አይሱዙውን እኔ ራሴ በበረኪና አጠብኩት፤ ሶፊ እንዲህ ለሰርጌም አልታጠበችም አለ። አዲስ ሳጥን፣ ውስጡ ጭድ፣ ውስጡ አንድ ዶሮ፣ ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን። ነገሩን የሰማ ሁሉ ተሰብስቦ ይስቃል። "ረሂማ፣ ምነው፣ ዕቃሽን መለሱብሽ?" አሉኝ። "አዎ፣ እኔው መለስኩት! ለእናቴ ቤት ነው!" አልኳቸው። ማሽላ ይመስል ሁሉም ጥርሱን አሳየኝ፣ እኔ ምን ገዶኝ። ዛሬ ከዚህ ተራ እንደኔ ቀና ብሎ የሄደ አልነበረም።

አሁን ስማኝ። ከእንግዲህ ምርጡን አትላክልኝ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ላክ። የሚርቀኝ ደንበኛ ይራቅ።

እንደደረሰ ጻፍልኝ። አንድ ቃልም ቢሆን።

ረሂማ


ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣ ደረሰ። ሳጥኑን ስከፍተው ክንፉን አራግፎ ወጣ። ለጥንቃቄ ብላ ሱሀይር ሁለት ሳምንት ለብቻው ታቆየዋለህ ብላኛለች፣ ይቆያል። ወሰራዎቹ ከአጥሩ ማዶ ተሰልፈው ያዩታል።

ሙራድ


ቡታጅራ አጠገብ
ታህሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ረሂማ፣

አሰላሙ አለይኩም። ናኢማ እጅ ትነሳለች። እኔ ጆሮዬ እንዳለ ነው፣ ሌላው አካሌ አልሐምዱሊላህ።

ሁሉንም በዝርዝር ጻፍልኝ ስላልሽ እነሆ። በሐምሌ የተፈለፈሉት ጫጩቶች አሁን አድገዋል። ከስድስቱ ወሰራዎች አራቱ ናቸው የታቀፉት፣ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ለመብል እንኳ በግድ እየተነሱ። ጭልፊት ሁለት ወሰደብን። ሦስተኛውን ሊወስድ ሲወርድ አንዷ ወሰራ አየር ላይ ዘላ ያዘችው፤ ላባው ግቢው ውስጥ ቀርቶ ነው የሄደው። ሴቶቹ ቄቦች ሁሉም የስንዴ መልክ አላቸው። አውራዎቹ ዘጠኝ ናቸው። አምስቱ ነጠላ ዘውድ ናቸው። አራቱ ግን እትዬ፣ አራቱ ድርብ ናቸው፤ ደረታቸው ከአሁኑ ሰፍቷል፣ እግራቸው ቢጫ ነው። ትልቁ አባቱን ነው፣ እንዲያውም ይበልጠዋል። "የሀስና ልጅ ኮራ" ሲሉኝ የነበሩት ጎረቤቶች አሁን እንቁላል ለመለመን በር ላይ ይቆማሉ። እየሰጠኋቸው ነው፤ ዘሩ በየቤቱ ቢኖር አንድ ቤት ላይ መከራ ቢመጣ አይጠፋም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ለእቴቴ ውለታ ከአራቱ አንዱን፣ ትልቁን፣ ለገና ላክልኝ ብለሻል። "አንዴ ብቻ፣ ለሌላ ለማንም አልጠይቅህም" ብለሻል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አራት ቀኑ ነው። አራቱንም ቀን አጥሩ ጋ ቆሜ አየኋቸው። እቴቴ ባይኖሩ ኖሮ አንዳቸውም እንደማይኖሩ አውቃለሁ። የሚገባቸው ከዚህም በላይ ነው።

አይሆንም እትዬ።

ትልቁ አይሄድም። ለአንቺም፣ ለእቴቴም፣ ለማንም። አምስቱን ነጠላ ዘውዶች ልኬያለሁ፣ ደህና ዶሮዎች ናቸው፣ አያሳፍሩሽም። ብትቆጪም ተቆጪኝ፣ እችለዋለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ ሙራድ


መርካቶ፣ ዶሮ ተራ
ታህሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሙራዴ፣

ተቆጣሁ። ሶፊን ጠይቀው፣ እሱ ፊት ነው የጮህኩት። "ይሄ ልጅ እኔን? እኔን እምቢ?" አልኩ። ሶፊ እንዳልመታው ብሎ ጋቢና ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ከዚያ እንደገና አነበብኩት። በሦስተኛው ንባብ ቁጣዬ ጠፋ። በአራተኛው ዶሮዎቹን ትቼ እቴቴ ቤት ሄድኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። "አይሆንም እትዬ" የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ፣ "ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩላቸው። በእልልታ ቤቱን አናጉት! "እኔ ያበላሁት ለዚህ አይደል እንዴ!" አሉ። በማግስቱ ተራ ሲመጡ ከነጠላ ዘውዶቹ አንዱን ዳብሰው፣ ላባውን እፍ ብለው፣ መርቀውኝ ወሰዱ።

ዛሬ ደግሞ አንድ አዲስ ደንበኛ መጣ፣ ሱፍ የለበሰ፣ ስሜን ሰምቶ ከሩቅ የመጣ። የቀሩትን አራቱን አየና ነጠላ ዘውዳቸውን ጠቁሞ "እትዬ፣ ይሄማ ሁለተኛው ነው፤ ምርጡን አምጪልኝ" አለኝ። ዓይን አለው።

የዶሮ ተራ ሰው በሙሉ ምን እንደምለው ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ "የለም" የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ እንደማያውቅ ያውቃሉ። እኔም ቀጥ ብዬ ቆምኩና፣ ሙራዴ፣ እንዴት እንደኮራሁ ብታየኝ፣ "ወንድሜ ከልክሎኛል" አልኩት።

እህትህ ረሂማ